ወፍራም ብረት ጠንካራ ነው? የቮልስ ፍሬንና መሪ ሲሻሻል የሚነገሩ ስህተቶች

«ጋሼ፣ ከፋብሪካው እኮ ይወፍራል!»

በብየዳ ስለተሠራ የመኪና ዕቃ ይህን ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት የለም። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚወድ ሰው ሞልቷል። እኔም ፍቅሩ ይዞኝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ እጄ ከዚህ መኪና ቅባት ተለይቶ አያውቅም። ባለቤቶቹ መኪናቸውን ለማሻሻል ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከፍሬኑና ከመሪው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ዕቃው ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ይመጣል። ያኔ ቶርኖ ቤትና ብየዳ ቤት ይኬዳል። እዚያ የሚወራው ወሬ አንድ ቀን ሰው እንዳይገድል ስለምሰጋ ነው ይህን የምጽፈው።

«ወፍራም ብረት ጠንካራ ነው»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ቮልስ ይዞ መጣ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማዋል። እሱ ኩሽኔታ መስሎታል። በክሪክ አንስተን ሥሩ ገባሁ። ለካ የፊት ፍሬኑን ወደ ዲስክ የቀየረለት ሰው የጎማ መያዣውን ከሌላ መኪና ወስዶ ነው የገጠመው። በዚህ የተነሳ የመሪው ዘንግ፣ ማለትም ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ብረት፣ አራት ጣት ያህል አጠረ። ሰውየው ዘንጉን ለሁለት ቆርጦ መሃሉ ላይ ፌሮ በየደበት። የቤት ኮለን የሚሠራበት ፌሮ! ዙሪያውን በብየዳ አወፍሮ፣ በግራይንደር አስተካክሎ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶታል። ለሚያየው ያምራል።

ቅባቱን በጨርቅ ጠርጌ ባትሪ አበራሁበት። ብየዳው ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ከመስመሩ ውስጥ ቡናማ ዝገት ወጥቷል። ፈትቼ ሞርሳ ላይ አሰርኩትና በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታሁት። ተከፈለ። የተሰበረውን ፊት ለልጁ አሳየሁት። ከግማሽ በላዩ ጠቁሮ ለስልሷል። ይህ ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ የቆየው ክፍል ነው። የቀረው እንደ ስኳር ያብረቀርቃል። ይህ ደግሞ አሁን በመዶሻ የተሰበረው ነው። መሪውን ይዞ ሲነዳው የነበረው ያ የሚያብረቀርቀው ቁራጭ ብቻ ነው። ልጁ ብረቱን እያገላበጠ «ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር ደብረ ዘይት ደርሰን መጣን» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም።

የብረት ጥንካሬ በውፍረቱ ብቻ አይለካም። ለመሪ የሚመረጠው ብረት አንድ ወጥ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲመታ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል። መሪው ሲጣመም ሹፌሩ ያውቀዋል፣ ጋራዥ ይሄዳል። ብየዳ ሲያርፍበት ግን ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በጣም ይግላል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀዘቅዛል። እንደ ብረቱ ዓይነት ያ ቦታ ይደርቃል፤ የደረቀ ብረት ሳይጎብጥ ይሰነጠቃል። ውፍረቱ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ወፍራሙና ቀጭኑ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ኃይሉ ሁሉ ይከማቻል። እያንዳንዱ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ የኮብልስቶን ንዝረት ያችኑ ጠርዝ ይመታል። ስንጥቁ የሚጀምረውም ከዚያው ነው።

ለቶርኖ ቤት ክብር አለኝ። ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘውን የፍሬን ከበሮ) ያስተካክላሉ፣ የፔዳል ቡሽ ያወጣሉ፣ ያረጀ የበር ማጠፊያ ያድናሉ። የመሪ ዘንግ፣ የመሪ ክንድና ጎማ መያዣ ግን አይበየድም፣ አይቀጠልም፣ በእሳት አይቀናም። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ያልተነካ አሮጌ ኦሪጅናል ፈልጉ። አሮጌው ኦሪጅናል ከአዲሱ ብየዳ ይሻላል።

«ዲስክ ከገባለት በአጭር ይቆማል»

መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት አቅም ነው። ታምቡራችሁ አራቱንም ጎማ መቆለፍ ከቻለ፣ ዲስክ ስላስገባችሁ በአንድ ፍሬን ርቀቱ አያጥርም። እንዲያውም በታምቡር ውስጥ የጎማው ዙረት ራሱ ሸራውን እየሳበ ፍሬኑን ያግዘዋል። በዲስክ ይህ እገዛ የለም። ቮልስ ደግሞ የፍሬን ማገዣ ስለሌለው እግራችሁ የበለጠ ይደክማል።

የዲስክ ጥቅሙ ሙቀትን ቶሎ ማስወጣቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ እዚያ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ለዚያም ቢሆን ትልቁ መድኃኒት ሁለተኛ ማርሽ ነው።

የፍሬን ካሊፐር (ዲስኩን ከሁለት ጎን ጨምቆ የሚይዘው) የሚታሰርበትን ብረት ከላሜራ ቆርጦ መሥራት ቀላል ይመስላል። እስቲ እናስላው። መኪናው ከነሰዎቹ 1,100 ኪሎ ቢሆን፣ በኃይል ሲቆም አንዱ የፊት ጎማ መሬት ላይ 230 ኪሎ ያህል ይገፋል። ጎማው ከመሃሉ እስከ መሬት 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ካሊፐሩ ግን ዲስኩን የሚይዘው ከመሃሉ 11 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ያቺ ብረት የምትሸከመው ከ600 ኪሎ በላይ ነው። ስድስት ኩንታል ጤፍ በሁለት ቡሎን ተንጠልጥሎ ማለት ነው፣ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር።

ዲስክ የግድ ካላችሁ ፋብሪካው ራሱ ሠርቶታል። ቮልስ 1500 እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1966 ጀምሮ በአውሮፓ በፊት ዲስክ ወጥቷል። የዚያን ሙሉ ዕቃ ፈልጉ። ፍሬን ማስተሩንም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን) ለዲስክ የሚሆን አድርጉት። የታምቡሩ ማስተር መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት አስቀርቶ ይይዛል። በዚያ ግፊት ዲስኩ ሳይለቀቅ እየተፋተገ ይግላል።

«ደጋግሜ ስረግጠው ይይዛል፤ ደህና ነው»

ደህና አይደለም። ብዙ ጊዜ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። የቮልስ ታምቡር በእጅ ነው የሚስተካከለው። በእያንዳንዱ ጎማ ዙሪያቸው ጥርስ ያላቸው ሁለት የማስተካከያ ኮከቦች አሉ። ጎማውን አንስታችሁ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ አጥብቁ፣ ከዚያ ሦስት አራት ጥርስ መልሱ። ዲስክ ካላስገባሁ ብለው የመጡ ስንቶቹ በዚህ ብቻ ረክተው ተመልሰዋል! ተስተካክሎም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቷል።

«ለፍሬን ዘይት የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ይሆናል»

አይሆንም። መዳብ በንዝረት ይደርቅና ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ፔዳሉን በኃይል ስትረግጡ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከጎማ አየር በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

«ዘይት ዘይት ነው»

የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒ ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን አይመልስም። ፍሬን ዘይት ብቻ ጨምሩ። እሱም ውኃ ይስባል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲሱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲገባበት ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት።

«መሪው ከላላ የመሪ ሳጥኑን ቪቴ ማጥበቅ ነው»

መጀመሪያ አንድ ሰው መሪውን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዝ፣ እናንተ ከሥር እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጃችሁ ያዙ። መላላቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ቪቴው ከልክ በላይ ከጠበቀ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ሳጥኑም ይበላል።

የልጁን መኪና እንዲህ አደረግነው። ኦሪጅናል ጎማ መያዣ፣ የመሪ ዘንግና የፊት ታምቡር ተገኘ። በዲስኩ ፋንታ የሁለት መስመር ፍሬን ማስተር ገባለት። የድሮው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አምስት ጊዜ ያዝኩት። አምስቱንም ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ። የተሰበረውን ዘንግ ልጁ ይዞት ሄደ፤ ለበየደው ሰውዬ እንዲያሳየው ነግሬዋለሁ።