ቫርያብል ፒች ፕሮፔለር ምንድን ነው? ፈረስ ጉልበት ግን አይጨምርም!

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ "ለ40 ፈረስ ሞተርህ ቫርያብል ፒች ግጠምለት፣ እንደ 60 ይሮጥልሃል" ብሎ ሲመክር አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ፣ እዚህ ሀዋሳ አሞራ ገደል ጀልባ የሚነዱ ልጆችም ይሄንኑ እየደጋገሙ ይጠይቁኛል። ወንድሜ፣ ፕሮፔለር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ባለክንፍ እቃ፣ ጉልበት አይፈጥርም። ሞተሩ ያለችውን ጉልበት ውሃው ላይ እንዴት እንደሚያውላት ነው የሚወስነው፣ በቃ።

ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር በስሌት ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው፣ በኢንች። 13 በ17 ከተባለ 13ቱ ሲዞር የሚሰራው ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋት (ዲያሜትር)፣ 17ቱ ፒች። ይሄ ግልፅ ነው። እኔን የሚያበሽቀኝ ሶስት የማይገናኙ እቃዎች ቫርያብል (ፒቹ የሚለዋወጥ) እየተባሉ መሸጣቸው ነው። አንደኛው ፕሮግሬሲቭ የሚባለው፣ ክንፉ ላይ ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላው ጠርዝ ፒቹ እያደገ የሚሄድ፣ ግን ድርቅ ያለ ብረት ነው፣ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ የተፃፈበት ቁጥርም አማካዩ ነው። ሁለተኛው ሞተር አጥፍተህ፣ በመፍቻ ፈተህ ክንፎቹን የምታስተካክለው። ሶስተኛው እየሄደ የሚቀያየረው ነው፣ መርከብና አውሮፕላን ላይ የተለመደ፣ አውትቦርድ (ጀልባ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው ሞተር) ላይም ተሞክሯል ግን ሱቅ ገብተህ የምታነሳው አይነት አይደለም።

እንደ አይሱዙ ማርሽ አስበው። ትንሽ ፒች አንደኛ ማርሽ፣ ትልቅ ፒች አምስተኛ። ተራ ፕሮፔለር እንግዲህ አንድ ማርሽ ብቻ ያለው አይሱዙ ነው፣ ፕሮግሬሲቩም ያው ነው፣ በመፍቻ የሚስተካከለው ደግሞ ማርሽ ለመቀየር ጋራዥ የሚገባ አይሱዙ። "ትልቅ ፒች ፈጣን ነው" የሚለው ሰውዬ አስር ሰው ጭኖ ጉማሬ ሊያሳይ በአምስተኛ ማርሽ ይነሳና ጀልባዋ አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ ውሃ እየገፋች ትቀራለች፣ ሞተሩ ያምጣል፣ ነዳጁ ያልቃል፣ ከዛ "ሞተሩ አርጅቷል" ይላል። ምሳሌው የማይሰራው መንሸራተቱ ላይ ነው፣ ጎማ አስፋልት ይይዛል፣ ፕሮፔለር ግን ሁሌም ይንሸራተታል። ሞተሩ በደቂቃ 5,500 ቢዞር፣ የታች ማርሹ 2 ለ 1 ቢሆን (ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ)፣ በ17 ፒች በወረቀት በሰአት 71 ኪሎሜትር ይወጣል፣ በ10 ፐርሰንት መንሸራተት 64 ይሆናል፣ ጭነት ያላት ጀልባ ላይ ደግሞ ከዛም ይወርዳል።

ደሞ ሀይቃችን 1,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ፐርሰንት ገደማ ጉልበት ያጣል፣ እዚህ ሲደርስ ወደ 16 ፐርሰንት። ስለዚህ ባህር ዳርቻ የተፈተነ ጀልባ ቪዲዮ አይተህ የሱን ፒች እዚህ አትዘዝ፣ እዚህ ዝቅ ያለ ነው የሚያስፈልገው።

የሚስተካከለውን ከገዛህ ሁሉም ክንፍ አንድ ቁጥር ላይ መሆኑን እይ፣ አንዷ ከተዛነፈች ጀልባው ይንቀጠቀጣል፣ ቤሪንጉን ይበላዋል። ባትጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር፣ ፕሮፔለሩን ባወለቅክ ቁጥር ዘንጉ ላይ የመረብ ክር ፈልግ። ናይለኑ እዛ ይጠመጠምና ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚያግደውን ጎማ) ይቆርጠዋል፣ ውሃ ይገባል፣ የማርሽ ዘይቱ ነጣ ብሎ ከወጣ ያው እሱ ነው።

ምርጫው ራሱ ብዙ አይከብድም፦ በተለመደው ጭነትህ ፉል ጋዝ ሰጥተህ አርፒኤሙን (ሞተሩ በደቂቃ ስንት እንደሚዞር) ታነባለህ። ማንዋሉ ከ5,000 እስከ 6,000 ካለ ላይኛው ግማሽ ላይ ብትውል ጥሩ ነው። አንድ ኢንች ፒች ከ150 እስከ 200 ዙር ይቀይራል፣ በ19 ፒች 5,100 ላይ ከቀረብህ 17 ስታስገባ 5,400 ወይ 5,500 ይደርሳል፣ ከ6,000 አልፎ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ፒች ጨምር። ታኮሜትር (አርፒኤም የሚያሳየው ጌጅ) የለኝም ካልክ መጀመሪያ እሱን ግዛ፣ ከፕሮፔለሩ ይረክሳል።