የሴራሚኩ ጀርባ ቀይ ስለሆነ ጥራት የለውም?

ሴራሚክ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ያያል። ነጭ ከሆነ "ፖርስሊን ነው"፣ ቀይ ከሆነ "ተራ ነው" ይባላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቀለሙ የሚናገረው በዋናነት ስለ ብረት ነው። በሸክላ አፈሩ ውስጥ ብረት ካለ እሳት ሲነካው ይቀላል። ካኦሊን የሚባለው አፈር ግን ብረቱ ጥቂት ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ታዲያ ጀርባው ነጭ ሆኖ ውሃ እንደ ጉድ የሚመጥ የግድግዳ ሴራሚክ ሞልቷል።

ፖርስሊን የሚያሰኘው ውሃ አለመምጠጡ ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። አንዱ 2 ኪሎ ቢመዝን ከ10 ግራም አያልፍም ማለት ነው። የግድግዳው ዓይነት ግን ከ200 ግራም በላይ ሊጠጣ ይችላል። ልዩነቱ የትየለሌ ነው!

ፖርስሊን ውሃ እንዳይመጥ የሚያደርገው ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ነው። ሸክላው ቅርጽ ይይዛል፣ ሲሊካው (አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ማዕድን) ያጠነክራል፤ ፌልድስፓሩ ደግሞ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀልጦ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ካርቶኑ ላይ የውሃ መምጠጥ መጠኑ ከተጻፈ እሱን እመኑ። ካልተጻፈ ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉና ጥቂት ጠብቁ። ወዲያው ከመጠጠው ለሻወር ቤት ወለል አትውሰዱት።