ኮምፒውተሩን ከአንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ጋር ማሰር፦ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ቅርንጫፍ የራሱ ዶሜይን ኮንትሮለር (የሠራተኛውን ስምና ፓስዎርድ አጣርቶ የሚያስገባ ሰርቨር) ተተክሎለታል እንበል። ሠራተኛው ግን አሁንም ሎግኢን የሚያደርገው አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ነው፤ ጠዋት ዴስክቶፑ እስኪመጣለት አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ይጨርሳል። ይሄኔ የአይቲ ልጆች የየራሳቸውን መላ ይዘው ይመጣሉ። ብዙው አይሠራም።

«የቅርንጫፉን ሰርቨር ዲኤንኤስ አድርገህ ስጠው፣ በቃ እሱን ይይዛል።»

አይይዝም። ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው አገልግሎት፣ የትኞቹ ዶሜይን ኮንትሮለሮች እንዳሉ ይናገራል እንጂ «እኔን ተጠቀም» አይልም። ዊንዶውስ ላይ የትኛውን እንደሚጠቀም የሚመርጠው ኔትሎጎን የሚባለው ሰርቪስ ነው። ኤስአርቪ የሚባሉትን፣ አገልግሎቱን የሚሰጡትን ሰርቨሮች የሚዘረዝሩትን የዲኤንኤስ መዝገቦች ይጠይቃል፣ የሰርቨር ዝርዝር ይመጣለታል፣ ከዚያ በዩዲፒ ፖርት 389 አጭር የኤልዳፕ (የዳይሬክተሪ መጠየቂያ ፕሮቶኮል) ጥያቄ ይልካል። የመለሰለት ሰርቨር የጠያቂውን አይፒ አይቶ «አንተ ያለኸው እዚህ ሳይት ነው» ይለዋል (ሳይት ማለት ኔትወርኩ በቦታ የተከፈለበት ክፍል ነው)፤ ሰርቨሩ ራሱ ለዚያ ሳይት ቅርብ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ተመልሶ በሳይቱ ስም የተመዘገቡትን ይፈልጋል። ስለዚህ ነገሩ የሚስተካከለው ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሳይትስ ኤንድ ሰርቪስስ በሚባለው የአስተዳዳሪ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የጅማው ሰብኔት (የቅርንጫፉ የአይፒ ክልል)፣ ለምሳሌ 10.20.5.0/24፣ ለጅማ ሳይት ካልተመደበ ኮምፒውተሩ የት እንዳለ የሚነግረው የለም፣ ያገኘውን ይዞ ይቀመጣል። እኔ በመጀመሪያ የማየው ይሄን ነው። የተረሳ ሰብኔት እንዳለ ለማወቅ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ዊንዶውስ ፎልደር ግባ፣ ዲበግ ከሚለው ሥር የኔትሎጎንን ሎግ ፋይል ክፈት። «ኖ ክላየንት ሳይት» የሚል መስመር ከኮምፒውተሩ ስምና ከአይፒው ጋር ተደርድሮ ካገኘህ፣ ጥፋቱ እሱ ነው።

«ሆስት ፋይል ላይ ጻፈው።»

ሆስት ፋይል ስምን ከአይፒ ጋር ያገናኛል፣ ሌላ ነገር አያውቅም። ኤስአርቪ መዝገብ አይይዝም። ደግሞ ሰርቨሩ አይፒ የቀየረ ቀን ያን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ አይገኝም።

«ሎግኦንሰርቨር የሚለውን ኮማንድ ላይ ሳየው የአዲስ አበባውን ነው የሚያሳየኝ፣ ስለዚህ አልተስተካከለም።»

እሱ የሚያሳይህ ሎግኢን ባደረግክበት ሰዓት ያስገባህን ሰርቨር ነው። ከዚያ በኋላ ቢቀየርም አይነግርህም፤ ኔትወርክ ሳይኖር በካሽ (ኮምፒውተሩ ቀድሞ ባስቀመጠው መረጃ) ገብተህ ከሆነ ጭራሽ የቆየ ስም ሊያሳይህ ይችላል። ትክክለኛውን ለማየት ኤንኤልቴስት የሚባለው የዊንዶውስ ኮማንድ ላይ ዲኤስጌትዲሲ በለው፣ የዶሜይኑን ስም ስጠው፣ ፎርስ ጨምርበት። ፎርስ ካላልከው ካሽ ያደረገውን ነው መልሶ የሚሰጥህ።

በዚሁ ኤንኤልቴስት ኤስሲ ሪሴት ብሎ የሰርቨር ስም በመስጠት ኮምፒውተሩን ከዚያ ሰርቨር ጋር ማገናኘትም አለ። ይሠራል፣ ግን ዘላቂ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ እንደገና ራሱ ይፈልጋል። ለሙከራ ጥሩ ነው። የግድ ማስገደድ ካለብህ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንግ ማከማቻ) ውስጥ ኔትሎጎን ፓራሜተርስ ሥር ሳይትኔም የሚል ቫልዩ ፈጥረህ የሳይቱን ስም ጻፍ፤ ልብ በል፣ ያኔም የምታስረው ከሳይት ጋር ነው እንጂ ከአንድ ሰርቨር ጋር አይደለም። ላፕቶፕ ላይ ግን አታድርገው፤ ሰውየው ሐዋሳ ሄዶም ኮምፒውተሩ ጅማ ያለ ይመስለዋል።

«ሁሉም ለማንኛውም ዋናውን ነው የሚጠይቀው።»

ይሄ ከዊንዶውስ ኤንቲ 4 ዘመን የቀረ ወሬ ነው። ያኔ ዋናና ተጠባባቂ ነበር፤ ለውጥ የሚጻፈው ዋናው ላይ ብቻ ነበር፣ ሎግኢን ግን ያኔም ተጠባባቂው ያስተናግድ ነበር። ከዊንዶውስ 2000 ወዲህም የትኛውም ዶሜይን ኮንትሮለር ሎግኢን ያስተናግዳል። ፒዲሲ ኢሙሌተር የሚባለው፣ የድሮውን ዋና ሚና የያዘው ሰርቨር፣ የቀረው ለተወሰኑ ሥራዎች ነው፤ ለምሳሌ ዩዘሩ ፓስዎርድ አሁን ቀይሮ ሌላኛው ሰርቨር ገና ካልደረሰው እሱን ይጠይቃል።

«አፕልኬሽኑ ላይ የሰርቨሩን አይፒ ጻፍለት፣ ይፈጥናል።»

ማንነት የሚያረጋግጠው ፕሮቶኮል ከርበሮስ የሚሠራው በስም ነው፣ አይፒ ስትሰጠው ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው ኤንቲኤልኤም ይወርዳል። ኤልዳፕስ (የተመሰጠረው ኤልዳፕ) ከሆነ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስም አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። ሊኑክስ ላይ ኤስኤስኤስዲ (ሊኑክሱን ከዶሜይኑ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ለምትጠቀሙ ግን የሰርቨር ስም መጻፊያ መስመር አላችሁ፣ ተጠባባቂ መጻፊያም አለ፤ ሁለተኛውን ባዶ አትተዉት።

«ፕራዮሪቲውን ከፍ አድርግለት፣ ሁሉም ወደሱ ይሄዳል።»

ተገላቢጦሽ ነው። በኤስአርቪ መዝገብ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፣ ሲጀመርም 0 ነው። 200 ከሰጠኸው ሌሎቹ እየሠሩ እስካሉ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከፍ ሲል ብዙ ሰው የሚስበው ዌይት የሚባለው ነው፣ እሱም ፕራዮሪቲያቸው እኩል በሆኑት መሀል ብቻ።