«አውሮፕላን ይላክላቸዋል»፦ ዜጋን ከሰው አገር ስለማስወጣት የምንሳሳተውና እውነታው

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲጀመር፣ ባሕር ዳር ላይ ካርቱም ዘመድ ያለው ሁሉ ወሬው አንድ ነበር፦ «ኤምባሲው አውሮፕላን ይልክላቸዋል»። ጎረቤቴ የወንድሟን ስልክ እየደጋገመች እየሞከረች ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ስትጠብቅ አይቻለሁ። በኋላ ቤሩት ስትደበደብም ያው ተስፋ ተመልሶ መጣ። ውድ ቀናት በተሳሳተ ተስፋ ማለፋቸው ስላሳዘነኝ ይህን ጻፍኩ፤ በጥቅስ ያለው የምንሰማው ወሬ፣ ቀጥሎ ያለው እውነታው ነው።

«አውሮፕላን ይላካል።» የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ የተዘጋው ጦርነቱ በጀመረበት ቀን ነው። አሜሪካ እንኳ የኤምባሲ ሠራተኞቿን በሄሊኮፕተር ስታወጣ፣ ሌሎች ዜጎቿ ኋላ ላይ በአውቶቡስ ወደ ፖርት ሱዳን ነው የተጓዙት። ስለዚህ የቆንስላ ዕቅድ ከመንገድ ይጀምራል፦ የትኛው ኬላ ክፍት ነው? ሰው የት ይሰበሰባል? ማን ለማን ይደውላል? ኔትወርክ ቢጠፋስ? ብዙ ወገኖቻችን የወጡት በመተማ በኩል ነው። የጎረቤቴ ወንድምም ከመተማ ማዶ ባለችው በገላባት ተሻግሮ፣ በሸኸዲና በጎንደር አድርጎ፣ በሚኒባስ ነው እቤቱ የደረሰው።

«ማስወጣት ማለት እቤት ማድረስ ነው።» አይደለም፤ ከአደጋው አውጥቶ ሰላም ወዳለበት ቦታ ማሻገር ነው። እዚሁ አይተነዋል፦ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የአማራ ክልሉ ውጊያ ከተማችን ሲደርስ፣ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎች አውጥታ መጀመሪያ የወሰደቻቸው አዲስ አበባ ነው።

«ቆንስላ ከተመዘገበች ትጋለጣለች።» ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ቤሩት ያሉ ብዙ እህቶቻችን በከፋላ ሥርዓት (የመኖሪያ ፈቃድን ከአሠሪ ጋር በሚያስረው ደንብ) ይኖራሉ፤ ፓስፖርታቸው አሠሪ እጅ ነው። ከአሠሪ ቤት የወጣችው ደግሞ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ስለሚቃጠል ከቆንስላውም ጭምር ትሸሻለች። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ግን የዜጋን ጥቅም መጠበቅንና የጉዞ ሰነድ መስጠትን የቆንስላ ሥራ አድርጎ ደንግጓል፤ የቆንስላውን መዝገብም አስተናጋጁ አገር እንዳይነካው ይከለክላል። ፓስፖርት ለሌላት ሊሴ ፓሴ (ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) ይሠራላታል። ስሟ መዝገብ ላይ ከሌለ ግን መቀመጫውም መጠለያውም ሲሰላ እሷ አትቆጠርም። ደግሞ ሊሴ ፓሴ መውጫ ቪዛ አይደለም። መውጣትን የሚፈቅደው አስተናጋጁ አገር ነው፤ ቆንስላው ይደራደራል እንጂ የሰው አገር ሕግ አይሽርም። ቀናት የሚፈጀውም ይኸው ድርድር ነው።

«ወጪው የመንግሥት ነው።» ሁልጊዜ አይደለም። አሜሪካ ብዙውን ጊዜ ዜጎቿን ገንዘቡን ሊመልሱ ታስፈርማለች። የእኛን ሰዎች ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) በተደጋጋሚ አግዟል፤ ቢሆንም የመኪና የሚሆን ጥሬ ገንዘብ እጅ ላይ ይኑር፤ ባንክ ሲዘጋ የምንልከው ብር አይደርስም።

«ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለውንም የእኛ ኤምባሲ ያወጣዋል።» ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ቢጫ ካርድ የያዘ የሌላ አገር ዜጋ ነው፤ የሚጠይቀውም ፓስፖርቱን የሰጠውን አገር ነው።

«እዚያ የተወለደ ሕፃን አገር የለውም።» በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የእናቱ ዜግነት ይበቃዋል። የልደት ወረቀት ከሌለው ግን ሰነድ ማውጣቱ ይጓተታል። እናቱ የሆስፒታሉን ወረቀት ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ በቴሌግራም እዚህ ላለ ዘመድ ትላክ፤ የፓስፖርት ቁጥሯ፣ የአሠሪዋ ስልክና የሰፈሩ ስምም አብሮ ይምጣ።