ትራክ ላይ ምድብ መምረጥና መቅደም፦ ሞተረኞች በብዛት የሚሳሳቱበት

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ሞተር ለምንነዳ ሰዎች ቅርብ ከሆኑት ትራኮች አንዱ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ነው። ዋናው ትራክ ርዝመቱ 2 ማይል ሲሆን 10 ኩርባዎች አሉት። «ትራክ ዴይ» በሚባለው ቀን ማንኛውም ሞተረኛ ከፍሎ፣ ሞተሩን አስፈትሾ፣ የቆዳ ቱታውን ለብሶ መግባት ይችላል። የትራፊክ መብራት የለም፣ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ ድንገት የሚሻገር ሰው የለም። ውድድርም አይደለም። ዋንጫ የለውም፣ አንደኛ የወጣ ተብሎ የሚጨበጨብለትም የለም።

ሆኖም ትራኩ ላይ ብቻውን የሚነዳ የለም። ስለዚህ አዘጋጆቹ ሰዉን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምድብ ይከፍሉታል፦ ጀማሪ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። እያንዳንዱ ምድብ ተራ በተራ 20 ደቂቃ ያህል እየነዳ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። ሲመዘገብ ምድቡን የሚመርጠው ራሱ ሞተረኛው ነው። ጣጣውም የሚጀምረው እዚያው ነው፤ ብዙ ሰው ምድብን እንደ ማዕረግ ያየዋል። እኔ ግን ከፍጥነቱ በፊት የምትመርጡት የመቅደሚያ ሕጉን ነው ባይ ነኝ።

ሕጉ ከአዘጋጅ አዘጋጅ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። በብዙዎቹ ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ ነው። በጀማሪ ምድብ መቅደም የሚፈቀደው ቀጥታው ላይ ብቻ ነው። በመካከለኛው ኩርባ ውስጥም ይቻላል፤ ግን በውጭ በኩል ብቻ፣ ያውም 6 ጫማ ያህል ርቀት ጠብቆ። በከፍተኛው በውስጥም በውጭም ይቻላል። እንግዲህ ምድብ ስትመርጡ ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ «ምን ያህል እሮጣለሁ?» ብላችሁ አይደለም። «ሞተሬን አጋድሜ ኩርባ መሃል ሳለሁ አንዱ በአጠገቤ ሽው ብሎ ቢያልፍ ምን አደርጋለሁ?» ብላችሁ ነው። መልሱ «እደነግጣለሁ» ከሆነ ምድባችሁ ታወቀ ማለት ነው።

«ስንት ዓመት ነድቼ አሁን ጀማሪ ልባል?»

ከሞተረኞች ከምንሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ይህቺ ዋናዋ ናት። በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ በሚኒባስና በባጃጅ መሃል ሞተር ነድቶ ያደገ ሰው ይህን ሲል አይፈረድበትም። እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑ ፈጣን ነው፣ አደጋ ከሩቅ ይሸተዋል።

ችግሩ መንገድና ትራክ የሚያስተምሩት ለየቅል መሆኑ ነው። መንገድ ላይ ፍሬን የምትይዙት ቀደም ብላችሁ፣ በለስላሳው ነው። ትራክ ላይ ከ120 ማይል በሰዓት ወርዳችሁ፣ በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ትይዛላችሁ። መንገድ ላይ የራሳችሁን መስመር ትጠብቃላችሁ። ትራክ ላይ ከውጭ ጠርዝ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ መልሳችሁ ወደ ውጭ የአስፋልቱን ስፋት በሙሉ ትጠቀማላችሁ። መንገድ ላይ ዓይናችሁ ስፖኪዮ ላይ ነው። ትራክ ላይ ስፖኪዮው ወይ ይወልቃል ወይ በፕላስተር ይሸፈናል። የትራኩ ሠራተኞች ምልክት የሚሰጡበትን ባንዲራ ደግሞ ማንም መንገድ ላይ አይቶት አያውቅም።

ጀማሪ ምድብ ሌሎቹ የማያገኙት ነገር አለው። ተራችሁን ስትጠብቁ ክፍል ገብታችሁ ትማራላችሁ፣ ትራኩ ላይም አሰልጣኝ አብሯችሁ ይነዳል። አሰልጣኙ ቀድሟችሁ ይገባና የሞተሩን ጭራ በእጁ መታ መታ ያደርጋል። «ተከተሉኝ» ማለቱ ነው። የት ፍሬን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ መቼ ጋዝ እንደሚሰጥ ከኋላው ሆናችሁ ታያላችሁ። ቀጥሎ እሱ ከኋላ ይሆንና እናንተን ያያል። ይህን ትቶ «ጓደኞቼ መካከለኛ ስለሆኑ» ብሎ መካከለኛ የሚገባ ሰው ገንዘቡን የሚያባክን ይመስለኛል። ደግሞ ከጓደኛ ጋር ትራክ ላይ አይወራ። ምሳ ሰዓት ላይ ትገናኛላችሁ።

«ሞተሬ 1000 ሲሲ ነው»

ሲሲ ምድብ አይመርጥም። ቀጥታው ላይ ጋዝ ጠምዝዞ መሮጥ ማንም ይችላል። ኩርባ ሲደርስ ግን ልምድ ያለው ሰው ኒንጃ 400 በምትባል ትንሽ ሞተር ዞሮት ይሄዳል። ከዚያ ቀጥታው ሲመጣ ባለ 1000ው መልሶ ይቀድመዋል፣ ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ይቆምበታል። ሃያውን ደቂቃ እንዲህ መሆን ለባለ ትንሿ ሞተር እንዴት እንደሚያበግን የደረሰበት ያውቀዋል። ኩርባ ኩርባው ላይ ከኋላችሁ የማይጠፋ ትንሽ ሞተር ካለ ቀጥታው ላይ ጋዙን አትሙሉት። መስመራችሁን ይዛችሁ አሳልፉት።

«ለጥንቃቄ ዝቅ ያለውን ልምረጥ»

ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ለአዲስ ሰው ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ የነዳና ፈጣን የሆነ ሰው ጀማሪ ውስጥ ሲገባ ግን አደጋው እሱ ራሱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከፊታችሁ ካለው ሰው በ30 ማይል በሰዓት የምትፈጥኑ ከሆነ በአንድ ሴኮንድ 13 ሜትር ያህል ትጠጉታላችሁ። አንድ ሞተር ርዝመቱ 2 ሜትር ግድም ነው። ሰውየው «ከኋላዬ ማንም የለም» ብሎ ባሰበ በሁለተኛው ሴኮንድ አጠገቡ ናችሁ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ገና መስመሩን አልያዘም፤ የዛሬው ኩርባና የቀደመው ዙር ኩርባ አይመሳሰሉለትም። ምድብ ያስፈለገው ፍጥነትን ለመገደብ አይደለም። አብረው የሚነዱ ሰዎች የፍጥነት ልዩነታቸው እንዲጠብ ነው።

«ፈጣን ሰው ሲመጣ ቦታ መልቀቅ አለብኝ»

የለባችሁም! ይህ ከጨዋነት የሚመጣ ስህተት ስለሆነ ለመንቀል ያስቸግራል። እኛ አገር ሚኒባሱ ከኋላ ጡሩንባውን ሲያንባርቅ ወደ ዳር ማለት ነገርን ማብረድ ነው። ትራክ ላይ ወደ ዳር ማለት ነገር መጫር ነው።

ምክንያቱም ከኋላ የመጣው ሰው እናንተን አይቷል። የት እንደምትሄዱ ገምቶ የሚያልፍበትን ቦታም መርጧል። ልክ በዚያ ሰዓት «እባክህ እለፍ» ብላችሁ ወደ ቀኝ ስታፈገፍጉ የመረጠው ቦታ ላይ ትደረቡበታላችሁ። ፍሬን ብትይዙም ያው ነው። ዞር ብላችሁ ብታዩ ደግሞ ይብሳል፤ በ100 ማይል በሰዓት አንገታችሁን ለአንድ ሴኮንድ ብታዞሩ 45 ሜትር ያህል በጭፍን ሄዳችኋል።

የእናንተ ሥራ አንድ ነው፦ ያለፈው ዙር ላይ የሄዳችሁበትን መስመር አሁንም መሄድ። መስመሩ ፍጹም ባይሆንም ግድ የለም፣ የሚገመት ይሁን። ሰው በቀደማችሁ ቁጥር ልባችሁ ዘለል ቢል የተለመደ ነው። እጃችሁ ግን ጋዙ ላይ ባለበት ይቆይ።

«መቅደም ድፍረት ይጠይቃል»

ቴሌቪዥን ላይ የምናያቸው ተወዳዳሪዎች ፍሬን አዘግይተው፣ በውስጥ በኩል ሾልከው ሲገቡ ደስ ይላል። እነሱ ለነጥብ ነው የሚሞቱት። ትራክ ዴይ ላይ ግን ንጹህ የሆነ መቅደም ድፍረት ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚፈልገው፤ የሚሠራውም ፍሬን ላይ ሳይሆን ከኩርባ ሲወጣ ነው።

የሰሚት ፖይንትን 10ኛ ኩርባ እንውሰድ። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ነው። ከእሱ ስትወጡ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ቀጥታ መንገድ ታገኛላችሁ። በመጨረሻው 1ኛው ኩርባ አለ፤ እሱም ወደ ቀኝ ነው፣ ጠንከር ያለ ፍሬን ይፈልጋል። አሁን ከፊታችሁ ቀስ የሚል ሰው አለ እንበል።

ብዙ ሰው 10ኛውን ኩርባ ከሰውየው ጭራ ተጣብቆ ይገባል። ሰውየው መሃል ላይ ቀዝቀዝ ሲል እሱም ግድ ይቀዘቅዛል። ሰውየው ጋዝ እስኪሰጥ ይጠብቃል። ስለዚህ ቀጥታውን እኩል ፍጥነት ይዘው ይጀምሩታል፣ ሳይቀድም 1ኛው ኩርባ ይደርሳል። ያኔ ይናደድና ፍሬን አዘግይቶ በውስጥ ልግባ ይላል። ከፊት ያለው አላየውም። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በውስጥ የገባው ሰው የፊት ጎማ ላይ ነው የሚታጠፍበት። የፊት ጎማው የተነካ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆሞ አይቀርም።

አሁን ሌላውን መንገድ እዩ። 10ኛው ኩርባ ከመድረሱ በፊት ጋዙን ትንሽ ትቀንሳላችሁ፤ በእናንተና በሰውየው መሃል የሦስት የአራት ሞተር ርዝመት ክፍተት ይፈጠራል። ኩርባው ውስጥ እሱ ሲቀዘቅዝ እናንተ ክፍተቱ ስላላችሁ በራሳችሁ ፍጥነት ትዞራላችሁ። እሱ ገና ሲያስብ እናንተ ሞተሩን ቀና እያደረጋችሁ ጋዝ መስጠት ጀምራችኋል። ክፍተቱ ቀጥታው መጀመሪያ ላይ ያልቃል፣ እናንተ ግን ፍጥነት ተርፏችኋል። ወደ ጎን ወጣ ትላላችሁ፣ ቦታ ትታችሁለት ታልፋላችሁ። 1ኛው ኩርባ ሳይደርስ ነገሩ አልቋል፤ ሰውየውም ምናልባት «በሰላም አለፉኝ» ይላል እንጂ አይሳደብም።

ካለፋችሁም በኋላ ከፊቱ ዘው ብላችሁ አትግቡበት። ፍሬን የምትይዙበት ቦታ ደርሶ ገና ጎን ለጎን ከሆናችሁ ደግሞ ተዉት። እሱ ይግባ። ሌላ ዙር አለ።

ከጭራ መጣበቅ ሌላም ጣጣ አለው። ዓይን የሄደበት ሞተሩ ይሄዳል። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ እያያችሁ ከነዳችሁ እሱ ፍሬን አልፎት ሣር ውስጥ ሲገባ አብራችሁት ትገባላችሁ። እሱን አልፋችሁ ኩርባውን ማየት ልመዱ።

«እሱ ነው ያዘገየኝ፣ ጥፋቱ የሱ ነው»

አይደለም። ትራክ ዴይ ላይ መቅደሙ ደህና የመሆኑ ኃላፊነት የቀዳሚው ነው። ከፊት ያለው አላየም፣ የሚያይበትም መስታወት የለው። «ቦታ አልሰጠኝም» የሚል ክርክር አዘጋጆቹ ዘንድ አይሠራም፤ ደግሞ ከደገማችሁት ወደ ቤታችሁ ሊሸኟችሁም ይችላሉ።

መጨረሻ የሌለው ሰልፍ ውስጥ ከገባችሁ ሰዉን አንድ በአንድ መታገል አያስፈልግም። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ቀላል መላ አለ። እጃችሁን አንሥታችሁ ወደ ፒት፣ ማለትም ከትራኩ ጎን ወዳለው መግቢያና መውጫ መስመር ግቡ፣ በቀስታ እለፉ፣ መውጫው ላይ የቆመው ሠራተኛ ክፍተት አይቶ ይልቀቃችሁ። ያጣችሁት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ትራኩ ግን ለጥቂት ዙር የግላችሁ ነው። ስትወጡ ደግሞ ጎማው እስኪሞቅ ቀስ በሉ፤ በሙሉ ፍጥነት የሚመጡት ወደሚሄዱበት መስመርም ወዲያው አትግቡ።

«ቢጫ እኮ ነው፣ ገና ቀይ አይደለም»

ቢጫ ባንዲራ የሚውለበለበው ከፊት አደጋ ስላለ ነው። ሰው ወድቆ ይሆናል፣ ሊያነሱት የሄዱ ሠራተኞች በእግራቸው ትራኩ ዳር ይሆናሉ። መቅደም ክልክል ነው፤ ጀምራችሁት ከሆነም ተዉት። በቀይ ባንዲራ ላይ ግን ጠዋት የሚደረገውን ስብሰባ በደንብ አዳምጡ። አንዳንዱ አዘጋጅ «ቀስ ብላችሁ ወደ ፒት ግቡ» ይላል፣ ሌላው «ዳር ይዛችሁ ቁሙ» ይላል። ባለፈው የሰማችሁት ለዛሬው አይሆንም።

«አንዴ ከተመዘገብኩ በቃ»

ቦታ ካለ ወደ ዝቅተኛው ምድብ መውረድ ሁልጊዜ ይቻላል፤ የሚጠይቃችሁም የለም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሁሉም ሰው እየቀደማችሁ ትከሻችሁ ደርቆ ከወጣችሁ ምሳ ሳይደርስ ሂዱና «አውርዱኝ» በሉ። የከሰዓቱን የመጨረሻ ተራ መተውም ይቻላል፤ እጅና ጭን ሲዝል ፍሬኑም መስመሩም አብሮ ይዝላል፣ ሞተሩ ግን አይደክመውም።

ወደ ላይኛው ምድብ መውጣት ለሚፈልግ ደግሞ አሰልጣኝ መጠየቅ ነው። ብዙዎች የዙር ሰዓታቸውን በስልክ ይዘው ይቀርባሉ። አሰልጣኙ ሰዓቱን ብዙም አያየውም። ከኋላ ሆኖ ጥቂት ዙር ይከተላችኋል። መስመራችሁ በየዙሩ አንድ ነው ወይ? ሰው ሲቀድማችሁ ትወዛወዛላችሁ ወይ? ስትቀድሙስ ለሰውየው ምን ያህል ቦታ ትታችሁለታል? «ገና ናችሁ» ካለ አትኮራረፉ፤ የትኛው ኩርባ ላይ ምን እንዳየ ጠይቁት። የኩርባውን ቁጥር ጠርቶ ይነግራችኋል።