«የጀንትልመን ክለብ» ምንድን ነው?

ክለብ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ወይ እግር ኳስ ነው፣ ወይ ጭፈራ ቤት። የእንግሊዞቹ የጀንትልመን ክለብ ሁለቱንም አይደለም። የአባላት ብቻ የሆነ ቤት ነው፤ ምሳ ይበላበታል፣ ይጠጣበታል፣ ወሬ ይወራበታል። ብር ስላለ ብቻ አይገባም። እጩውን አንድ አባል ያቀርበዋል፣ ሌሎች ይፈርሙለታል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ድሮ ድምፅ የሚሰጠው ሳጥን ውስጥ ኳስ በመጣል ነበር። ነጭ እሺ ነው፣ ጥቁር ወግድ።

አብዛኞቹ ክለቦች የመኳንንት፣ የፖለቲከኛ ወይም የመኮንን ነበሩ። በ1831 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለንደን ላይ የተከፈተው ጋሪክ ክለብ ግን የተዋናዮች ነገር አሳስቦት ነው የተነሳው። ስሙን ያገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከገነነው ተዋናይ ከዴቪድ ጋሪክ ነው። በዚያ ዘመን ቲያትሩ ይወደዳል፣ ተዋናዩ ግን ጨዋ ቤት አይጋበዝም። ዘፈኑን እየወደዱ ለአዝማሪው ልጅ አለመዳር እኛም ዘንድ የታወቀ ነው። ጋሪክ ተዋናይና «የተከበረ ሰው» እኩል የሚቀመጡበት ቤት ልሁን አለ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ በር ያለው ሁሉ መዝጋት ያምረዋል። በ1873 ሄንሪ ኧርቪንግ ሊገባ ጠይቆ ጥቁር ኳስ ወደቀበት። የተዋናዮች ክለብ የዘመኑን ትልቅ ተዋናይ ሲመልስ አስቡት! በዓመቱ ተቀበሉት። በ1895 ደግሞ በትወናው «ሰር» ለመባል የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ወሬውም ጣጣ ነበረው። በ1858 ኤድመንድ ዬትስ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ደራሲውን ታከሬይን የሚያጣጥል ጽሑፍ አወጣ። ታከሬይ ተቆጣ። «ይሄ ልጅ እኔን የሚያውቀኝ ከክለባችን ነው፤ እዚህ የሚወራ ጋዜጣ ላይ ይወጣል እንዴ?» ብሎ ኮሚቴው ዘንድ ከሰሰ። ዬትስ ተባረረ። ቻርልስ ዲከንስ ለልጁ ወገነና ሁለቱ ታላላቅ ደራሲዎች ተኳረፉ። የታረቁት በ1863፣ ታከሬይ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው።

ሴቶች በእንግድነት ይገቡ ነበር፤ አባል ግን አይሆኑም። በ2015 ለድምፅ ቀረበና 50.5 በመቶው ይግቡ አለ። ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ስለነበር ወደቀ። በ2024 የአባላት ስም ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ዳኞችና ከፍተኛ ባለሥልጣናት ነበሩበት። አንዳንዶቹ በሐፍረት ለቀቁ። ያኔ ጠበቆች አንድ ነገር አገኙ። በ1925 የወጣ የንብረት ሕግ፣ ውል ላይ «እሱ» የሚለው «እሷ»ንም ይጨምራል ይላል። ስለዚህ የክለቡ ደንብ ሴትን ከልክሎ አያውቅም ማለት ነው! (ደንቡ በአማርኛ ቢሆን ግሱ ሁሉ ወንድ ስለሆነ ጠበቆቹ ላብ በላብ ይሆኑ ነበር።) በፈረንጆቹ ሜይ መጀመሪያ 60 በመቶ ገደማ በዚህ ተስማማ፤ ደንብ መቀየር ሳይሆን መተርጎም ስለሆነ ከግማሽ በላይ ይበቃ ነበር።

በዚያው ክረምት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ተመረጡ፤ ጁዲ ዴንችና ሲያን ፊሊፕስ። ሁለቱም ተዋናዮች ናቸው።