ከራስ ሕይወት የሚነሳ የተማሪዎች ምርምር

አንዳንድ የኮሌጅ ተማሪዎች የምርምር ርዕሳቸውን ከመምህር ዝርዝር ላይ አይመርጡም። ከራሳቸው ይጀምራሉ። ቤት ውስጥ ያለ ሕመም፣ የመንተባተብ ችግር ወይም ከልጅነት ጀምሮ ልብ የያዘ የወፍ ፍቅር ሊሆን ይችላል መነሻው። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ተማሪ መማር ብቻ ሳይሆን መመራመርም አለበት የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ በ1810 ከተመሠረተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ጋር ይያያዛል። በ1856 ደግሞ የ18 ዓመቱ የኬሚስትሪ ተማሪ ዊልያም ፐርኪን በዕረፍት ጊዜው ለንደን ቤቱ ውስጥ ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ለመሥራት ሲሞክር ሐምራዊ ሰው ሠራሽ ቀለም አገኘ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1969 ነው። በአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ ማርጋሬት ማክቪካር የተባለች ወጣት የፊዚክስ መምህርት ዩሮፕ (UROP፣ የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር ዕድል) የሚባለውን ፕሮግራም አቋቋመች። እሷም የተማረችው እዚያው ነበር። የፖላሮይድ ካሜራ ኩባንያ መሥራች ኤድዊን ላንድ በ1957 እዚያው ባደረገው ንግግር፣ ተማሪ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የራሱ የምርምር ሥራ ይኑረው ብሎ ነበር፤ ላንድ ራሱ የብርሃን ፍቅሩ አሸንፎት ሃርቫርድን አቋርጦ የወጣ ሰው ነው። በዩሮፕ ተማሪው የመምህራን የምርምር ቡድን ውስጥ ይገባል፣ ለሥራውም የትምህርት ነጥብ ወይም ክፍያ ያገኛል። የጀማሪ ተማሪ ጥያቄ ላቦራቶሪ ውስጥ ቦታ እንዳለው ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ ፕሮግራም ጥቂት ነው። በ1987 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተለየ ድጋፍ ጀመረ።

የግል ሕይወት የት ድረስ እንደሚያደርስ ለማየት ናንሲ ዌክስለርን ማንሳት ይበቃል። በ1968 እናቷ ሀንቲንግተን የተባለ በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ እንዳለባት ሲታወቅ እሷ የድኅረ ምረቃ ትምህርቷን ገና መጀመሯ ነበር። የዶክትሬት ጥናቷን በሽታው ሊይዛቸው በሚችል ሰዎች ላይ ሠራች። በኋላም በቬንዙዌላ ቤተሰቦች መካከል ያካሄደችው ሥራ በ1983 የበሽታው ዘረመል ያለበትን ክሮሞዞም ለማግኘት ረዳ፤ ዘረመሉ ራሱ በ1993 ተገኘ።

ተመራማሪው ለጉዳዩ መቅረቡ ያዳላዋል የሚሉ አሉ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ሮበርት መርተን በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጉዳዩ ውስጥ ያለ ሰውም ከጉዳዩ ውጭ ያለ ሰውም የየራሱ ጥቅምና ድክመት እንዳለው ጽፏል፣ ነገሩም ምናልባት እንደ ትምህርት ዘርፉ ይለያያል። ችግሩ ራሱ ላይ የደረሰበት ሰው ግን ሌላው ማንሳት ያልጠረጠረውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ አያከራክርም።

በተግባር የሚከብደው ጥያቄውን ማጥበብ ነው። «አባቴ በስኳር ለምን ተጎዳ?» የምርምር ጥያቄ አይሆንም። «ሕሙማን መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡት ምን ሲሆን ነው?» ይሆናል። ጎበዝ አማካሪ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ተማሪው የሚጠብቀውን ውጤት ወረቀት ላይ እንዲያሰፍር ያደርጋል፣ ያኔ መረጃው ከግምቱ ሲለይ መሸፋፈን አይቻልም። ሌላው ፈቃድ ነው። ስለ ወላጅ የሚጻፍ ከሆነ ስም መደበቅ ብቻውን ምንም አይፈይድም፣ ምክንያቱም የጸሐፊው ስም ሽፋኑ ላይ አለ። ስለዚህ ቤተሰቡ ምን እንደሚጻፍ አውቆ ነው መስማማት ያለበት፤ ለሥነ ምግባር ኮሚቴም ይህ አስቀድሞ መነገር አለበት። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ «እኔ» ብሎ መጻፍን የሚፈቅዱም የማይፈቅዱም ዲፓርትመንቶች ስላሉ ፕሮፖዛሉ ሳይገባ ይጠየቅ።